ለኮምፒውተሩ ጳጉሜን ወር አይደለችም

በሀገራችን ገበያ የጳጉሜንን ያህል በአጭር ጊዜ ብዙ ግብይት የሚካሄድባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ብትሆንም ለእንቁጣጣሽ ዶሮው፣ በጉ፣ ሽንኩርቱና ቅቤው የሚሸመትባት እሷ ናት። ዋጋ ለሚመዘግብ ሰው እረፍት የማትሰጥ ወር ናት። ይህን መረጃ ተረክቦ ለሚያሰላው ሶፍትዌር ግን ጳጉሜን የምትባል ወር ጭራሽ አልተፈጠረችም። ቀን ቀድሞ ወር ተከትሎ «5/13/2016» ተብሎ የተጻፈ ሲቀርብለት «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ብሎ ሥራውን ያቆማል፤ በስክሪኑ ላይም የስህተት መልእክት ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መልእክቱ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ባንኮች፣ አማካሪ ድርጅቶች፣ የጥናት ተቋማትና የላኪዎች ቢሮ ውስጥ የዋጋ መረጃ በእጅ አይሰላም። ስታታ፣ ኢቪውስ፣ አር ወይም ፓይተን የሚባሉት ሶፍትዌሮች በወርና በቀን ቅደም ተከተል የተሰደረውን መረጃ (ባለሙያዎቹ ታይም ሲሪስ የሚሉትን) ተቀብለው በተሰጣቸው ትእዛዝ መሠረት ያሰላሉ። ትእዛዙና መረጃው ካልተጣጣሙ ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መልእክቱን አንብቦ መረጃው ውስጥ ምን እንዳለ መፈለግ ነው። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ እንዳይጮህ የሚያደርግ አንዲት ቃል ትእዛዙ ላይ ጨምሮ መቀጠል ነው። ሁለተኛው መንገድ አጭር ስለሆነ ተመላላሽ ይበዛበታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የስህተት መልእክትን ማፈን በገበያ መረጃ ሥራ ውስጥ ከሚሠሩ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ የሚያምር ግራፍ ነው።

ወደ ጳጉሜን እንመለስ። አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ የተመዘገበ የ2016 ዓ.ም. ዋጋ አለን እንበል። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ስንቱን ቀን አልቀበልም ይላል? የጳጉሜንን አምስት ቀናትና ጥቅምት 30ን ብቻ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ «30/2/2016» የተባለውን ሶፍትዌሩ የካቲት፣ ማለትም ፌብሯሪ 30 አድርጎ ያየዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በፈረንጆቹ ዘንድ የለም። በሌሎቹ ዓመታት፣ ፌብሯሪ 28 ቀን ብቻ ሲኖረው፣ ጥቅምት 29ም ይጨመራል። በ2016 ግን ስህተት ተብለው የሚጣሉት 6 ቀናት ናቸው። የቀሩት 359 ቀናት በሰላም ያልፋሉ።

በሰላም ያልፋሉ እንጂ በትክክል አያልፉም። መስከረም 12 ቀን 2016 «12/1/2016» ተብሎ ሲገባ ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 ብሎ ይመዘግበዋል። እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2023 ነበር። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ይህ መረጃ ከዶላር ምንዛሪ ጋር ሲጣመር ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 አንድ ዶላር በባንክ 21 ብር ገደማ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ 55 ብር ገደማ። በ1,100 ብር የተሸጠ ዕቃ በትክክለኛው ምንዛሪ 20 ዶላር ሲሆን በተሳሳተው ከ52 ዶላር በላይ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ስሌት ተማምኖ ውል የሚፈርም ላኪ ቢኖር ኪሳራውን ማን ይከፍልለታል?

እንግዲህ 359ኙ ቀናት የተሳሳቱ ለመሆናቸው በፋይሉ ውስጥ ምስክር የሚሆኑት እነዚያ ስድስቱ ብቻ ናቸው። ሶፍትዌሩ ስለ 359ኙ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ስድስቱ ነው። ስድስቱን ያፈነ ሰው ብቸኛ ምስክሮቹን ከችሎት አስወጣቸው ማለት ነው።

ማፈኛው እንዴት እንደሚሠራ ላልለመደ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የፓይተን ተጠቃሚዎች ለሠንጠረዥ መረጃ በሚገለገሉበት ፓንዳስ በተባለው መሣሪያ ውስጥ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚለውጥ ትእዛዝ አለ። ያልተለወጠለት ቀን ሲያጋጥመው በራሱ ልማድ ይቆማል። ነገር ግን «ኮኧርስ» የምትባል ምርጫ ከተሰጠው ያልገባውን ሁሉ ባዶ አድርጎ ያልፋል። በስታታ ደግሞ «ካፕቸር» የሚል ቃል ከማንኛውም ትእዛዝ ፊት ከተጻፈ ትእዛዙ ቢከሽፍም ፕሮግራሙ ድምፁን ሳያሰማ ይቀጥላል። «ፎርስ» የምትባል ደግሞ አለች፤ ስሟ እንደሚናገረው በኃይል ማስፈጸሚያ ናት። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ይህን ስም የሰጡት ሳያስቡ አይመስለኝም። ተጠቃሚው ቃሉን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ማድረጋቸው «በኃላፊነትህ ነው» እንደማለት ነው።

ይባስ ብሎ ሶፍትዌሩ ራሱ ግምት የሚገባበት ጊዜ አለ። ቀን ይቅደም ወር ይቅደም ካልተነገረው ፓንዳስ «5/13/2016» የሚለውን ሜይ 13 ብሎ ሊያነበው ይችላል። በዚህ ጊዜ አምስቱ የጳጉሜን ምስክሮች አይገኙም፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የዶሮ ዋጋም በክረምቱ ዋዜማ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቀኑን አጻጻፍ ለሶፍትዌሩ ቁርጥ አድርጎ መንገር፣ ከዚያም በፊት የእኛን ቀን በቀን ቆጠራ ወደ ፈረንጆቹ መለወጥ ነው። ጳጉሜን ወደ ሴፕቴምበር ይገባል። በእኛ ወር ማስላት የፈለገ ደግሞ አምስቱን ቀን ከነሐሴ ጋር ያድርጋቸው ወይስ ከመስከረም ጋር የሚለውን ወስኖ ውሳኔውን መጻፍ አለበት፤ የበዓሉ ጭማሪ በየትኛው ወር እንደሚታይ የሚወስነው ይኸው ነውና። (ለጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ስለሌለ ሠራተኛው ይህን ጥያቄ ከሶፍትዌሩ ቀድሞ ያውቀዋል።)

ሌላው ጉዳይ የጎደለ ወር ነው። በስታታ የዘንድሮን ዋጋ ካለፈው ወር ጋር ለማነጻጸር «ያለፈው ወር» የሚል ትርጉም ያላት አጭር ምልክት አለች። ምልክቷን ለመጠቀም ግን አስቀድሞ የትኛው ዓምድ ጊዜን እንደሚያመለክት «ቲኤስሴት» በሚባል ትእዛዝ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ሰው «የጊዜ ዓምድ አልተወሰነም» የሚል ስህተት ይወጣበታል። እዚህ ላይ የቸኮለው ባለሙያ ምን ያደርጋል? «ካለፈው ወር» ማለቱን ትቶ «ከበላዩ ካለው ረድፍ» ይላል። ይህኛው ትእዛዝ ጊዜ የሚባል ነገር አይጠይቅም፤ ምንጊዜም ይሠራል፤ ስህተት አያወጣም።

ረድፍና ወር አንድ የሚሆኑት ግን መረጃው ሳይጎድል ሲቀር ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ገበያ የጤፍ ኩንታል በጥር 10,000 ብር ነበር እንበል። በየካቲት መንገድ ተዘግቶ ወይም ጸጥታ ደፍርሶ መዝጋቢው አልደረሰም። በመጋቢት ዋጋው 11,000 ብር ሆነ። ከመጋቢት በላይ ያለው ረድፍ ጥር ስለሆነ ሶፍትዌሩ «በአንድ ወር 10 በመቶ ጨመረ» ይላል። ሁለት ወር የፈጀውን በአንድ ወር አደረገው ማለት ነው። ትክክለኛው አማካይ ጭማሪ በወር 4.9 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ዓመት ይለውጠው። በወር 10 በመቶ የሚጨምር ዋጋ ዓመት ሙሉ በዚያው ከቀጠለ 214 በመቶ ይደርሳል፤ በወር 4.9 የሚጨምረው ግን 77 በመቶ ገደማ ነው። አንደኛው ቁጥር ነጋዴው መጋዘኑን ቆልፎ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው አስጨናቂ ቢሆንም ሌላ ዓለም ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ያልተነበበ የስህተት መልእክት ነው። ያ ባለሙያ የጊዜ ዓምዱን አሳውቆ ቢሆን ኖሮ ስታታ «በመካከሉ ክፍተት አለ» ብሎ ይነግረው፣ የመጋቢትንም ለውጥ ባዶ አድርጎ ያስቀምጥለት ነበር።

መረጃ በማይሰበሰብበት ወርና ዋጋ በሚንርበት ወር መካከል ዝምድና እንዳለም መርሳት አይገባም። መንገድ ሲዘጋ መዝጋቢውም እህሉም አይደርሱም። ክፍተቱ እንዲያው በዕጣ የወደቀ አይደለም።

የጊዜ ዓምዱን ያሳወቀ ሰው ደግሞ ሌላ ጩኸት ይገጥመዋል፤ «ጊዜው ተደጋግሟል» የሚል። አንድ ወር ሁለት ዋጋ ይዞ ሲገኝ የሚወጣ ስህተት ነው። የእህል ገበያን የሚያውቅ ሰው መልእክቱን ባየ ጊዜ ምክንያቱን ይገምታል። ጤፍ አንድ ጤፍ አይደለም፤ ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። መዝጋቢው ማኛውንና ሰርገኛውን በአንድ ዓምድ ደርድሮ ልኳል ማለት ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ለየዓይነቱ መለያ ሰጥቶ ሁለት ተከታታይ መረጃ ማድረግ ነው። አጭሩ መንገድ ግን አለ። የተደጋገመውን ጣል የሚለውን ትእዛዝ «ፎርስ» ጨምሮ መስጠት ነው። ስታታ በዚህ ጊዜ በፋይሉ ውስጥ ቀድሞ ያገኘውን አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል።

ቀድሞ የተጻፈው የትኛው ነው? መዝጋቢው በዕለቱ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። በኅዳር ማኛው ቀድሞ 13,000 ብር፣ በታኅሣሥ ሰርገኛው ቀድሞ 10,500 ብር ተጽፎ ከሆነ፣ የሁለቱም ዋጋ ሳንቲም ሳይነቃነቅ «ጤፍ በአንድ ወር 19 በመቶ ቀነሰ» የሚል ሠንጠረዥ ይወጣል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። በእህል በረንዳ ያለ ነጋዴ እንዲህ ያለ ዜና ቢያነብ ይስቅ ነበር። ከእህል በረንዳ ርቆ በጽሕፈት ቤት የተቀመጠ የብድር ኦፊሰር ግን ምን ብሎ ይጠረጥራል?

በዋጋ ዓምድ ውስጥ ከቁጥር ይልቅ ጽሑፍ ሲገኝ የሚወጣው ስህተትም እንዲሁ ነው። «1,250» ውስጥ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ከሆነች ችግር የለውም፤ እሷን ብቻ አንሣ ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግን ሶፍትዌሩን ያስቆመው መዝጋቢው በዋጋው ቦታ ላይ የጻፈው «የለም» የሚል ቃል ነው። ዘይት የለም። ስኳር የለም። ጽሑፉን በኃይል ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል «የለም» የሚለው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ከአማካዩ ይወጣል፤ አማካዩም ዕቃው በተገኘባቸው ገበያዎች ዋጋ ብቻ ይሰላል። ዋጋ በተተመነለት ዕቃ ላይ ደግሞ የገበያው ጭንቀት የሚታየው በዋጋው ሳይሆን በዕቃው መጥፋት ነው። በተመን ዋጋ የሚሸጥ ዘይት ዋጋው አይንቀሳቀስም፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ይሆናል። የዚያን ወር ትልቁ የገበያ ዜና «የለም» የምትለው ቃል ነበረች። በዜሮ የሚተኩም አሉ፤ ኢቪውስ ግን ከዜሮ ሎጋሪዝም ውሰድ ሲባል አሻፈረኝ ይላል። አሻፈረኝ እንዳይል በሁሉም ዋጋ ላይ 1 ብር የሚጨምሩ እንዳሉም ይታወቃል! ነፃ የተሰጠ ዘይት ያየ ግን የለም።

የስህተት መልእክት አንዳንድ ጊዜ የታሪክ ትምህርት ነው። የኢቪውስ ተጠቃሚ የሆነ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ «ማትሪክሱ ሊገለበጥ የማይችል ሆኗል» የሚለውን መልእክት አንድ ቀን ያገኘዋል። በደርግ ዘመን የነበረውን የዋጋ መረጃ ወስዶ የብር ምንዛሪ በዋጋ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ልለካ ያለ ሰው በእርግጥ ይገጥመዋል። ብር ከየካቲት 1965 ዓ.ም. እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ዶላር 2.07 ሆኖ በሕጋዊው ገበያ አልተነቃነቀም ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ሌላውን ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰ መለካት አይቻልም። ሶፍትዌሩ «አልችልም» ሲል ስንፍናው አይደለም፤ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ስለሆነ ነው። ሌላ ሶፍትዌር ያንን ዓምድ በራሱ ሥልጣን አውጥቶ፣ በትንሽ ማስታወሻ ብቻ አሳውቆ ይቀጥላል። ማስታወሻውን ያላነበበ ሰውም «ምንዛሪ ተጽዕኖ የለውም» ብሎ ይጽፋል። የተባለው ግን «መረጃህ ስለዚህ ጉዳይ የሚነግረኝ የለም» ነው። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ርቀት በ1985 ብር ከ2.07 ወደ 5 ሲወርድ የተደረገው ክርክር ያህል ይሰፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ባደጉት አገሮችም ደርሷል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባሉት ቀናት 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጪ ሆነው ቀርተዋል። ከላቦራቶሪ የሚመጣው ፋይል የሚገለበጥበት የቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ ስለማይችል ትርፉ ተቆርጦ ይቀር ነበር። ሥራውን ያስቆመ ስህተት አልነበረም። ግራፉ በየቀኑ ይወጣ ነበር። እዚያ ቢሮ ውስጥ አንዲት ደፋር የስህተት መልእክት ጮኻ ቢሆን ኖሮ ከተጠቂዎቹ ጋር የተገናኙት ሰዎች ቀናት ሳያልፉ ይፈለጉ ነበር። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉት ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት ባወጡት ጥናትም የኤክሴሉ ቀመር ከ20 አገሮች አምስቱን ትቶ ነበር። ይህ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ለተዛባው ውጤት ሌሎች ከዚህ የገዘፉ ምክንያቶችም እንደነበሩ መናገር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቀመሩ አምስት አገር ሲዘል ኤክሴል ትንፍሽ አላለም። የታዘዘውን ረድፍ ደመረ፤ በቃ።

«ታዲያ በአንድ ብልሹ ረድፍ ምክንያት የመቶ ገበያ ሥራ ይቁም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሌሊት በራሱ የሚሠራ፣ መቶ ፋይል ተራ በተራ የሚከፍት ፕሮግራም በሦስተኛው ፋይል ላይ ቆሞ ቢያድር ጠዋት የሚገኘው ባዶ እጅ ነው። መቀጠልና ማፈን ግን የተለያዩ ናቸው። ስታታ «ካፕቸር» ተብሎ ዝም ቢልም የስህተቱን መለያ ቁጥር በውስጡ ይይዛል፤ ዜሮ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ቁጥሩ የችግሩን ዓይነት ይናገራል። ባለሙያው ከትእዛዙ በታች አንድ መስመር ጨምሮ «ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ የገበያውን ስም መዝግብ» ቢል ሥራውም አይቆምም፣ ምስክሩም አይጠፋም። ኢቪውስም ስንት ስህተት ታግሦ እንዲቆም የሚወሰንበት ትእዛዝ አለው፤ ካልተነካ በመጀመሪያው ይቆማል። ፓንዳስን «ኮኧርስ» ያለ ሰው ባዶ የሆኑት ስንት እንደሆኑና የትኞቹ እንደሆኑ በሚቀጥለው መስመር መጠየቅ ይችላል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ስድስቱን ቀን ዘርዝሮ ያየ ሰው ሁሉም ጥቅምትና ጳጉሜን መሆናቸውን ሲያገኝ የቀረውን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም መጠንቀቅ ያሻል። ስህተት ያልሆነውን ስህተት የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ። ከተለመደው ርቆ የዘለለውን ቁጥር «የጽሑፍ ስህተት ነው» ብለው በራሳቸው የሚሰርዙ ማጽጃዎችን ብዙዎች ይጠቀማሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ በጥቂት ሳምንታትም ከ100 ብር አለፈ። ሜካኒካዊ ማጽጃ ይህን ቢያገኝ የዓመቱን ትልቁን የኢኮኖሚ ክስተት እንደ ቆሻሻ ጠርጎ በጣለው ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው መራቁን ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ሰው ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው ከተባለ ጣቴን በወጣት ባለሙያዎቹ ላይ ብቻ መቀሰር አልፈልግም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ሠንጠረዡ እስከ አሥር ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን» የሚል ኃላፊ ያለው ልጅ ስታታ «ጊዜው ተደጋግሟል» ሲለው ወደ ገበያ ደውሎ ማኛና ሰርገኛ የሚለይበት ጊዜ የለውም። ኃላፊው የሚወደው መሐሉ ያልተቆረጠ፣ ለስለስ ያለ ግራፍ ነው። የተቆረጠ መስመር ይዞ የቀረበ ባለሙያ ሥራውን እንዳልጨረሰ ይቆጠራል፤ በግምት ሞልቶ የመጣው ግን ይመሰገናል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የስህተቱን መልእክት ገልብጦ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መስጠት ተለምዷል። መልሱ በሰኮንዶች ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ማፈኛዋን ቃል የጨመረ ትእዛዝ ነው። የተጠየቀው «ይህ ስህተት እንዲጠፋ አድርግልኝ» የሚል ስለሆነ መልሱ ለጥያቄው የሚመጥን ነው። የጤፉን ዓይነት ግን ማሽኑ አልተነገረውም።

ስለዚህ መፍትሔው ከሶፍትዌሩ ይልቅ ከገዢው በኩል መምጣት አለበት። ጥናት የሚያሠራ ላኪ፣ ትንበያ የሚቀበል ባንክ፣ የዋጋ ዘገባ የሚያነብ ነጋዴ ክፍያውን ከመፈጸሙ ወይም ቁጥሩን ከማመኑ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ ስንት ረድፍ ገባ፣ ስንት ረድፍ ወጣ፣ የጠፋው የት ሄደ? መልስ የሌለው ዘገባ ሂሳቡ ያልተዘጋ መዝገብ ነው። ኦዲተር ገቢና ወጪው የማይገጥም መዝገብ አይፈርምም፤ የዋጋ መረጃ ግን ሳይፈረምበት ገበያ ይወጣል።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትም ሆነ ሌሎች የዋጋ ቁጥር የሚያወጡ ተቋማት ከሠንጠረዡ ጋር የፕሮግራሙን ትእዛዞችና የስህተቱን መዝገብ ቢያያይዙ ለተመራማሪው ትልቅ እርዳታ ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ እንደማይሆን ይገባኛል። ለጊዜው ከእያንዳንዱ የዋጋ ሠንጠረዥ ግርጌ አንድ መስመር ትበቃለች። ለምሳሌ «ከ120 ገበያዎች 111ዱ ዋጋ ልከዋል፤ ከ6ቱ መረጃ አልደረሰም፤ በ3ቱ ዕቃው የለም፤ የጳጉሜን ዋጋ ከነሐሴ ጋር ተሰልቷል» የምትል።